ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የጉና ተራራ የእግር ጉዞ መመሪያ፦ የአንድ የመስክ ጥናት ልምምድ ግምገማ

በባሕር ዳር ከተማ የሚሠራ አንድ የጉዞ ድርጅት የቱሪዝም፣ የጂኦግራፊና የተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎችን በበጋው ወራት ተቀብሎ ለጉና ተራራ የእግር ጉዞ መመሪያ የሚያዘጋጁበትን የመስክ ጥናት ልምምድ ያካሂዳል። ልምምዱን የተከታተልኩት ለተማሪዎቹ አማካሪ መምህር ሆኜ ተመድቤ ሲሆን፣ ሥልጠናውን አይቻለሁ፣ ተራራውን አብሬያቸው ወጥቻለሁ፣ የጻፉትንም ረቂቅ ሙሉ በሙሉ አንብቤያለሁ። የምነቅፋቸውን ጉዳዮች ለአዘጋጆቹ ፊት ለፊት ስለነገርኳቸው የድርጅቱን ስም እዚህ አላነሣም፤ ግምገማዬ ተመሳሳይ ልምምድ ለመግባት ለሚያስቡ ተማሪዎችና ልጆቻቸውን ለሚልኩ ወላጆች እንዲጠቅም ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ ልምምዱ አንድን መንገድ በጽሑፍ ማስፈር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ካየኋቸው ሁሉ በተሻለ ያስተምራል፤ መንገዱን ለሚያውቁት ለጉና ነዋሪዎች የሚሰጠው ቦታ ግን ከሚገባቸው እጅግ ያነሰ ነው።

የተራራው ምርጫ በራሱ የሚመሰገን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ብዙ ተጽፎለታል፤ ደባርቅ ላይ አስጎብኚዎችና ስካውቶች (መንገደኛን የሚያጅቡ ጠባቂዎች) ይገኛሉ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅም በመንገደኞች ዘንድ የታወቁ የማደሪያ ስፍራዎች ናቸው። ጉና ግን ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከፍታውም ከ4,100 ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ፣ መንገደኛ በእጁ ይዞት የሚወጣ የአማርኛ መመሪያ እስካሁን አላጋጠመኝም። ለእኛ ለጣና ዳር ነዋሪዎች ደግሞ ጉና የሩቅ ተራራ አይደለም። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው የፎገራን የሩዝ ማሳ አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምት ሜዳውን የሚያጥለቀልቀው ውኃ፣ ሐይቁንም የሚያደፈርሰው አፈር በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ተፋሰስ ከታች ወደ ላይ ተከትለው እንዲያዩት መደረጉ መመሪያው ከመንገድ ጥቆማ ያለፈ ይዘት እንዲኖረው አድርጓል።

ሥልጠናው የሚጀመረው በባሕር ዳር ነው። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተው አባይ ከጣና ሲወጣ እያዩ እርምጃቸውን በሜትር መቁጠርን፣ ዳገትን መገመትንና በ1፡50,000 ስኬል የተዘጋጀ ካርታ ማንበብን ይለማመዳሉ። በዚህ ስኬል በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት በመሬት ላይ 500 ሜትር በመሆኑ፣ በጣት የተሸፈነች ትንሽ ቦታ ምን ያህል ገደል ልትደብቅ እንደምትችል በዓይናቸው ያያሉ። ቀጥሎ ወደ ዘጌ ይወሰዳሉ፤ ይህ ደግሞ ብልህ ምርጫ ነው። በዘጌ የቡና ደን ውስጥ መንገዱ በየጥቂት እርምጃው ስለሚለያይና ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል የስልኩን ጂፒኤስ ስለሚያዛባ፣ በስልክ ብቻ የተመዘገበ መስመር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚያደርሰውን መንገድ ከቡና ለቃሚዎች ቀጭን መንገድ ለይቶ ማሳየት ይሳነዋል። በዚሁ ስፍራ ተማሪዎቹ የገዳማትን ሥርዓት መጠየቅንም ይማራሉ፤ ለምሳሌ ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የማይፈቀድ ሲሆን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ መመሪያ ይህን አስቀድሞ ካልተናገረ እንግዳዋን ከደጅ ያስመልሳል።

ወደ ጉና ከመወጣቱ በፊት ደብረ ታቦር ላይ ማደር ግዴታ መደረጉን በተለይ ላመሰግን እወዳለሁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊጀምር ይችላል፤ በጉና አናት አካባቢ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሐይቁ ዳር በሸሚዝ የሚሄድ ወጣት ከላይ ጋቢና ወፍራም ሹራብ ያስፈልገዋል። አዘጋጆቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የታየበት ተማሪ ወደ ላይ መቀጠል እንደሌለበት፣ ካልተሻለውም ሳይዘገይ መውረድ እንዳለበት በግልጽ አስተምረዋል። ሆኖም በቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ የሠለጠነ ሰው አልነበረም፤ የተያዘው የመድኃኒት ሣጥንም ለእግር ቁስልና ለራስ ምታት ከሚሆን ነገር አያልፍም። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሌሎችን ልጆች ይዞ የሚወጣ ድርጅት ይህን ማሟላት ለነገ የማይለው ግዴታው ነው።

የልምምዱ ዋና ሀብት የሚታየው ተራራው ላይ ነው። ተማሪዎቹ ርቀትን በኪሎ ሜትር ከመመዝገብ በተጨማሪ በሰዓት እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ ለመነሻ የሚጠቀሙትም ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስሌት ነው፤ ይኸውም ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበቱ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት የሚል ነው። በዚህ ስሌት 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 900 ሜትር አቀበት ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ተማሪዎቹ ይህን ቁጥር ይዘው ሲወጡ ከገበያ የሚመለሰው የጉና ገበሬ ከስሌቱ ቀድሞ ሲደርስ፣ ከባሕር ዳር የመጣው ተጓዥ ግን ከ3,500 ሜትር ከፍታ በላይ ሲደርስ እጅግ ወደኋላ ሲቀር ተመልክተዋል። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል የነዋሪው ጊዜና የእንግዳው ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ቅርብ ነው» ተብሎ የተነገረው ሰው በመሸ ጊዜ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የሚያደርግ፣ በሌሎች መመሪያዎች ያላየሁት ሥራ ነው።

ምልክት በመምረጥ ረገድም ብዙ ተምረዋል። የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ተሞልተው ነበር፤ ጅብራ ጓሳ ከሚባለው ሣር በላይ ቆሞ ከሩቅ ስለሚታይ ለጸሐፊ ያጓጓል። ነገር ግን ጅብራ ለዓመታት ካደገ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ ተክል በመሆኑ፣ ዘንድሮ «ከረጅሙ ጅብራ ወደ ቀኝ» ተብሎ የተጻፈው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰውን ያሳስታል። የልምምዱ አስተባባሪ ይህን ካስረዳ በኋላ ተማሪዎቹ ምልክቶቻቸውን ወደ ወንዝ መሻገሪያ፣ ወደ ቋሚ አለትና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀየሩ፤ እንስሳና ሰው ሊቆርጠው የሚችለውን የአስታ ቁጥቋጦም ከዋና ምልክትነት አወጡት። የገብስ ማሳ የሚያበቃበትን፣ ጓሳ የሚጀምርበትን ከፍታ ግን መንገደኛው የት እንደደረሰ እንዲያውቅ በተጨማሪነት አስቀርተውታል። ጉም ሲወርድ ከአሥር እርምጃ ማዶ ያለው ነገር ስለሚሰወር፣ እግር የሚረግጠውን መሬት፣ ማለትም ድንጋያማ፣ ረግረጋማ ወይም ሣር የለበሰ መሆኑን መጻፍ እንደሚያስፈልግም በዚያው ተረድተዋል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የልውውጥ ፈተና ብለው የሚጠሩትን ነው። ቡድኖቹ የተለያዩ መንገዶችን ከጻፉ በኋላ ጽሑፋቸውን ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን በማያውቀው መንገድ ላይ ስልኩን አጥፍቶ የሌላውን ጽሑፍ ብቻ ይዞ እንዲሄድ ይደረጋል። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ለደኅንነት ሲባል ከኋላ ይከተላል፤ አደጋ ካልገጠመ በቀር እንዳይናገር ይነገረዋል። በዚህ ፈተና አንዱ ረቂቅ «ቤተ ክርስቲያኑን ስታልፉ ወደ ግራ ታጠፉ» ብሎ ስለነበር፣ ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ቡድን ግራውን ይዞ ወደ ሸለቆ ወረደ፤ ጸሐፊዎቹ ከታች ወደ ላይ እየወጡ የጻፉት መሆኑን ለአንባቢ አልነገሩም ነበርና። የተስተካከለው ጽሑፍ «ቤተ ክርስቲያኑን በስተምሥራቅ ትታችሁ፣ የወንዙን ድምፅ ከኋላችሁ እያደረጋችሁ፣ አቀበቱን ያዙ» የሚል ሆነ። ሌላው ረቂቅ ምንጭ እንዳለ ጽፎ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ሳይናገር ቀርቶ ነበር፤ ውኃ ከሚቀዱ ሴቶች ተጠይቆ እስከ መቼ እንደሚፈስ ተጨመረበት። ወደ ክፍል ከተመለሱ በኋላም ከመምህር ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ያ የስሕተት ጉዞ ጽሑፋቸውን እንዳረመው በየገጹ ይታይ ነበር። የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝም ትምህርት ክፍል ይህን ፈተና ወስዶ ቢጠቀምበት ተማሪዎቹን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉድለት ልመለስ። ከላይ የዘረዘርኩት መልካም ነገር ሁሉ በነዋሪው ዕውቀት ላይ የቆመ ነው፤ የመሻገሪያውን ስፍራ እረኞች አሳዩ፣ የምንጩን ጠባይ እናቶች ተናገሩ፣ በክረምት የሚናደውን ዳገት በዕድሜ የገፉ አባቶች ለዩ። ድርጅቱ ለዚህ የመደበው ገንዘብ ግን ከኋላ ለሚከተሉት መንገድ መሪዎች የሚሰጥ አነስተኛ የቀን አበል ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ክፍያው ዘግይቶ ደርሷቸዋል። በረቂቁ የምስጋና ገጽ ላይ የድርጅቱ፣ የአስተባባሪውና የተማሪዎቹ ስም ሲሰፍር የመንገድ መሪዎቹ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» በሚል አንድ ሐረግ ታልፈዋል። መንገዱን ከሚያሳዩን አባቶች አንዱ መመሪያው ሲያልቅ ቅጂው ለቀበሌያቸው ይደርስ እንደሆነ፣ እንግዳ ሲመጣም ልጆቻቸው በአስጎብኚነት የሚቀጠሩበት አግባብ ይኖር እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከአዘጋጆቹ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ይህ ጥያቄ የመመሪያውን ጥራት በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ናዳ መንገዱን ሲቆርጠው ወይም ማሳ ሲሰፋ ለውጡን ቀድሞ የሚያውቀው ነዋሪው ስለሆነ፣ እርሱ ድርሻ የሌለው መመሪያ የሚያድሰው ሰው አያገኝም። ለአዘጋጆቹ ያቀረብኩት ሐሳብ መንገድ መሪዎቹ ከፈቀዱ ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ጋር እንዲሰፍር፣ አበላቸው በዕለቱ እንዲከፈልና ከመመሪያው ሽያጭ የተወሰነው ለቀበሌው በጽሑፍ ስምምነት እንዲመደብ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ አቋራጮች በገብስ ማሳና ሕዝቡ ጠብቆ በሚያጭደው ጓሳ መካከል የሚያልፉ ናቸው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ተወያይተው እነዚህን መስመሮች ከመመሪያው ማውጣታቸው አስደስቶኛል፤ አጭሩን መንገድ ለማሳየት ሲባል የሰው ሰብል አይረገጥም።

በአስተዳደር በኩል የታየው መካከለኛ ነው። ለወረዳውና ለቀበሌው የሚቀርበው የድጋፍ ደብዳቤ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበር በየደረስንበት በመልካም አቀባበል ተስተናግደናል፤ ለሴት ተማሪዎችም የተለየ ማደሪያ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን በክልላችን የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ጉዞው ስለሚተላለፍ፣ ተማሪው የከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን በውሉ ላይ አልተጻፈም። ጉና መውጣት ባልተቻለ ጊዜ ልምምዱ በዘጌና በባሕር ዳር ዙሪያ እንዴት እንደሚቀጥልም አስቀድሞ መወሰን ነበረበት፤ የተማሪው የምረቃ ጊዜ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅምና። ትራንስፖርትና ምግብ በተማሪው ወጪ መሆኑም አቅም የሌላቸውን ጎበዞች ከወዲሁ ያስቀራል።

ልምምዱን ለጂኦግራፊና ለቱሪዝም ተማሪዎች፣ በተለይም መጻፍ ለሚወዱ፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለመውጣት የሚመረጠው ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ከጠነከረበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ፣ በዝናብ የማይበላሽ ደብተርና ለዳገት የለመደ ጫማ ይያዝ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ጠይቁ፦ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ በቡድኑ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ ሰው መኖሩን፣ እንዲሁም መንገድ ለሚያሳዩአችሁ የጉና ሰዎች ስንትና መቼ እንደሚከፈል።