የቤተሰብ ፎቶ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ፦ ዊንዶውስ፣ ኢርፋንቪው ወይስ ዲጂታል ፍሬም?

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት፣ ሽምብጥ፣ ቡና ተፈልቶ ነበር። ኮምፒውተሩን ማንም አልነካውም። ድንገት ስክሪኑ ላይ አባቴ መጣ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ስኒዋን እንደያዘች ቀረች። "ይሄማ ዘጌ የሄድን ጊዜ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሁሉ "የቱን ልግዛ?" ይለኛል። ኮምፒውተር ካላችሁ ምንም አትግዙ።

ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ስክሪን ሴቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ማሳያ፣ ለብዙ ሰው ይበቃል። መፈለጊያው ላይ ስክሪን ሴቨር ብላችሁ ጻፉ፣ ከዝርዝሩ ፎቶስ የሚለውን ምረጡ፣ ሴቲንግስ ገብታችሁ ፎልደሩን አሳዩት፣ አለቀ። አዲስ ፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ስትጨምሩ ራሱ ያሳየዋል። ጉድለቱ ፍጥነቱ ሦስት ዓይነት ብቻ መሆኑ ነው፤ ዝግተኛ፣ መካከለኛ፣ ፈጣን።

ኢርፋንቪው የሚባለው የፎቶ ማያ ፕሮግራምም ለቤት አገልግሎት ነፃ ነው። አንድ ፎቶ ስንት ሴኮንድ እንደሚቆይ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። የፋይሉን ስም ስክሪኑ ላይ ማውጣትም ይችላል፤ ስለዚህ "ጥምቀት፣ ጣና ዳር፣ አያታችሁ በስተቀኝ" ብላችሁ ብትሰይሙት አያታቸውን በአካል ያላወቁ ልጆች እያነበቡ ይለዩአቸዋል። ስላይድሾውን፣ ማለትም እየተፈራረቁ የሚታዩትን ፎቶዎች፣ ስክሪን ሴቨር አድርጎ ይሠራላችኋል፤ ግን ፎቶዎቹን አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚያሽጋቸው። ፋይሉ ይከብዳል፣ አንድ ፎቶ ለመጨመርም እንደገና መሥራት ነው።

ዲጂታል ፍሬም፣ ፎቶ እያፈራረቀ የሚያሳየው ትንሽ ስክሪን፣ ኮምፒውተር ለማይከፍት ሰው ጥሩ ስጦታ ነው። ከገዛችሁ ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ካርድ የሚቀበለውን ያዙ፤ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ኢንተርኔት ሲጠፋ አዲስ ፎቶ አይገባበትም። ብዙዎቹ ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲሄድ ይጠፋሉ፣ ላፕቶፕ ግን ትንሽ ይቆያል። ፒክስሉንም፣ ማለትም ስክሪኑ ስንት ነጥብ እንዳለው፣ ሳትጠይቁ አትክፈሉ፣ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 1024 በ600 ናቸው።

የቱንም ብትመርጡ ፎቶው ራሱ ደብዛዛ ከሆነ ዋጋ የለውም። የአባቴን ፎቶ እህቴ መጀመሪያ ከአልበሙ ላይ በስልክ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። በፎቶ መልክ ስለተላከ ተጨምቆ ነበር፤ ትልቁ ስክሪን ላይ ፊቱ አይለይም። በፋይል መልክ መላክ ነበረበት። ከዚያ ወረቀቱን ራሱን ስካን አስደረግነው። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 1800 በ1200 ፒክስል ይወጣዋል፣ 1920 በ1080 ለሆነ ስክሪን ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ስካን የሚያደርግላችሁን ሰው 600 ዲፒአይ በሉት። እኛም እንደዚያ አልን። አሁን ታንኳው የታሰረበት ገመድ ሳይቀር ይታያል።