ዛንዚባር ለሚጠልቀውም ለማትጠልቀውም

ታናሽ ወንድሜ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር የተሞላ ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ከተማረ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ግፊት፣ ሲሊንደር፣ ኮራል፣ ኤሊ። እኔ ደግሞ ዋና ብዙም አልችልም። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ልቤ ጉሮሮዬ ጋ ትደርሳለች። እንግዲህ ሁለታችን ነን ለዘጠኝ ቀን ዛንዚባር የሄድነው።

ያግባባኝ በአንድ ማስታወቂያ ነው። «ለሚጠልቁም ለማይጠልቁም፣ ሁሉም በአንድ ጀልባ» ይላል። «እትዬ፣ እኔ ከታች፣ አንቺ ከላይ፣ ቀኑን ሙሉ አብረን ነን» አለኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። እንደዚያው የሚሠሩ ብዙ ስለሆኑ አንዱን ነጥዬ ማማት አልፈልግም። ቀኑ እንዴት እንዳለፈ ግን ልንገራችሁ።

ጉዞው ወደ ምኔምባ ነበር። ምኔምባ ከዋናው ደሴት ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ፊት ለፊት ያለች ሚጢጢ ደሴት ናት። ዙሪያዋን ኮራል ከቧታል፤ ጥበቃ የሚደረግለት የባሕር ክልልም ነው። የተነሣነው ማቴምዌ ከሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ጠዋት ስንደርስ ባሕሩ የለም። እውነቴን ነው፣ የለም። በዚህ ጎን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ጀልባችን ከሩቅ ቆማ ትታያለች። ቦርሳችንን ተሸክመን፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ማስታወቂያው ላይ ይህ አልተጻፈም።

ጀልባው ላይ ስምንት ነበርን። አምስት ጠላቂ፣ ሦስት እንደ እኔ ያለ። ሐቁን ልናገርና ለጠላቂዎቹ የተሰጠው ማብራሪያ ግሩም ነበር። መሪያቸው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አውጥቶ የኮራሉን ግድግዳ ሣለ። ጅረቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ አሳየ። ሲሊንደሩ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተሞልቷል፣ 50 ሲቀራችሁ ላይ መድረስ አለባችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ፣ ትንፋሽ እንዳትይዙ። የእያንዳንዱን ማሰሪያ በእጁ እየጎተተ አየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና «እናንተ ከጀልባው አትራቁ» አለ። አለቀ።

አንድ በአንድ በጀርባቸው ባሕሩ ውስጥ ተገለበጡ። እኔ አውራ ጣቴን ቀስሬ ወንድሜን «በርታ» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። ለካ በጠላቂ ቋንቋ አውራ ጣት ወደ ላይ ማለት «ዳይቩ አብቅቷል፣ እንውጣ» ነው። ደህና ነኝ ለማለት ጣታቸውን ቀለበት ያደርጋሉ። ገና ሳይገባ ውጣ ብዬዋለሁ።

እኛም ገባን። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጀልባው የቆመው ለጠላቂ በሚመች ቦታ ነው፤ ኮራሉ ቁልቁል ወደ ጥልቁ በሚወርድበት። ከላይ ለሚንሳፈፍ ሰው የሚታየው ሰማያዊ ብቻ ነው። ጅረቱ ይወስዳል። የላይፍ ጃኬቴ አንዱ መቆለፊያ ተሰብሯል። ከእኛ ጋር ውሃ የገባ አስጎብኚ አልነበረም። ገመድ ይዤ አምስት ደቂቃ ቆየሁና ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ለሃምሳ ደቂቃ ያህል የነወንድሜን የአየር አረፋ እየተከተልን በሞተር ጭስ ታጠንን። አንዷ ሴትዮ ቁርሷን ለባሕሩ መለሰች።

ጠላቂ ከመጀመሪያው ዳይቭ ወጥቶ ሁለተኛውን እስኪገባ ማረፍ አለበት፤ ከታች ሳለ ሰውነቱ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን እንዲቀንስለት። በዚያች አንድ ሰዓት ጀልባው ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ሄደ። አናናስና ማንጎ ተቆረጠ። የእኛም ተራ ደረሰ። ማስኬን አጥብቄ፣ ቱቦውን ነክሼ፣ ፊቴን ነከርኩ።

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው። ከሥሬ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው የሚመስል አረንጓዴና ሐምራዊ ዓሣ ኮራሉን ይግጣል። አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር ነው፤ የበቀቀን ዓሣ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሲግጥ ደግሞ ይሰማል! ክርት፣ ክርት፣ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው። ትንሽ ቆይቶ ከኋላው ነጭ ደመና ለቀቀ። ወንድሜ በኋላ እንዳስረዳኝ የጋጠውን ኮራል ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ፎጣ አንጥፈን የምንጋደምበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የእሱ ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አሸዋው ላይ ስጋደም ትንሽ ቅር ይለኛል።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ወደ አራት ሰዓት ላይ ሌሎች ጀልባዎች ተግተልትለው መጡ። (ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ካፒቴኑ «ሳ ንኔ» ሲል አራት ሰዓት መሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ፈረንጆቹ ጣታቸውን ይቆጥሩ ነበር።) ጀልባዎቹን ሃያ ላይ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። የማላውቀው ሰውዬ በዳክዬ እግር ጫማው ግንባሬን መታኝ። ምኔምባ ላይ ወርደን ትንሽ እናርፋለን ብዬም አስቤ ነበር። ደሴቲቱ ለካ የግል ሎጅ ናት፤ እንግዳቸው ካልሆንክ አትረግጣትም። ይህም ማስታወቂያው ላይ የለም። ከዚያ ሁለተኛው ዳይቭ፣ ሁለተኛው ጭስ።

ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ኤሊ አይቷል፤ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ትልቅ የባሕር እባብ መሳይ ዓሣ አይቷል። «እትዬ፣ እንዴት ነበር?» አለኝ። መልሴን አልጽፈውም።

ስለዚህ ውጤቱ ሁለት ነው። ለእሱ ከ5 5። ለእኔ ከ5 2፣ እሱም ለበቀቀኑ ዓሣ ስል። የጠላቂ ጀልባ ሰዓቱም፣ ቦታውም፣ ማብራሪያውም የጠላቂ ነው። ሌላው ሰው ተጨማሪ ዕቃ ነው። ምኔምባን ማየት የፈለገ የማይጠልቅ ሰው ለስኖርክሊንግ፣ ማለትም በማስክና በቱቦ ከላይ ለመንሳፈፍ፣ ብቻ የሚሄድ ጀልባ ይያዝ፣ በጠዋት ይነሣ፣ ውሃ ውስጥ አብሮ የሚገባ አስጎብኚ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። የእኔ ዋጋ የወንድሜን ሲሶ ያህል ነበር። ርካሽ ነው እንዳትሉ፤ ጭስ በነፃ ይገኛል።

በማግስቱ ወንድሜ ጸጸት ገባውና «አንዴ ሞክሪው» ብሎ ለጀማሪ የሚሰጠው የአንድ ቀን ሙከራ ላይ አስመዘገበኝ። ፈቃድ የሌለው ሰው ከአስተማሪ ጋር ሆኖ ቢበዛ 12 ሜትር ድረስ የሚገባበት ነው። መጀመሪያ የጤና ቅጽ ይሞላል፤ አስም፣ ልብ፣ ጆሮ፣ እርግዝና። ከዚያ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ልምምድ አለ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሁሉም ሰው እንደሚለው ኦክስጅን አይደለም፤ ተጣርቶ የታመቀ ተራ አየር ነው። በአፌ ይዤው ተንበረከክሁ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ኽርርር ይላል ሲገባ፣ ሲወጣ ይንቦጫረቃል። አልፈራሁም! አፍንጫዬን ይዤ በቀስታ እንድነፋ፣ ጆሮዬን እንድከፍት አስተማሪው አሳየኝ። አንዱ ጆሮ ተከፈተ፣ ሌላው እምቢ አለ። ከሆቴሉ ኤሲ የያዘኝ ጉንፋን ነበረብኝ። አስተማሪው ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ፣ ከዚያ «ዳዳ፣ ዛሬ ባሕር አትገቢም» አለኝ። ዳዳ እህቴ ማለት ነው። 10 ሜትር ስትወርጂ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፣ የተደፈነ ጆሮ ሊቀደድ ይችላል አለኝ። የባሕሩንም ክፍያ መለሰልኝ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው በጉዞው ሁሉ ካገኘኋቸው ሰዎች የማመሰግነው እሱን ነው። ገንዘብ የሚመልስ ሰው ስታገኙ እዚያው ተማሩ።

ከዚያ ወዲያ ተለያየን። እሱ በጠዋት ወደ ባሕሩ፣ እኔ ወደ ፈለግሁበት፣ ማታ እራት ላይ ወሬ። ጉዞው ያማረው ያኔ ነው።

የእኔ ትልቁ ቀን ቹምቤ ነበር። ቹምቤ ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር ከተማ ጥንታዊ ክፍል፣ በስተደቡብ ያለች ትንሽ የኮራል ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ዳይቪንግም ክልክል ነው። ሲሊንደር ተሸክሞ የሚመጣ የለም፤ ሁሉም ሰው ማስክና ቱቦ ብቻ። እኔ እዚያ ተጨማሪ ዕቃ አልነበርኩም። ጠባቂው ራሱ ከእኔ ጋር ገባ፤ ቀይ መንሳፈፊያ ቀለበት በገመድ እየጎተተ፣ እኔ ቀለበቱን እንደ ሕፃን ይዤ። «ፖሌ ፖሌ» ይለኛል፣ ቀስ በቀስ። እግሬን ወደ ታች ሳወርድ በጣቱ ከፍ ያደርግልኛል፤ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፣ አንድ እርግጫ ብዙ ዓመት ያደገውን ይሰብራል። ከምኔምባ ይልቅ እዚህ የዓሣው ብዛት አስደነገጠኝ። ለነገሩ የሚያጠምዳቸው ከሌለ ለምን ይሸሻሉ? ከሰዓት ጫካው ውስጥ ተዘዋወርን፤ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራው የመርከብ መብራት ማማ ላይ ወጣን። ርካሽ አይደለም። የሚቀበሉት ሰው ቁጥርም የተወሰነ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ውጤት ከ5 5፣ ያለ ማመንታት።

ሌላውን በአጭሩ። ቻንጉ ደሴት፣ ሰዎች እስር ቤት ደሴት የሚሏት፣ ግዙፍ ኤሊዎች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት አራት ነበሩ። ዕድሜያቸው ድንጋይ ልብሳቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። ከእኔ ሦስት እጥፍ የሚበልጠኝን አንገቱን አከክሁለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ናኩፔንዳ ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ባሕር መሐል ብቅ የሚል የአሸዋ ቁልል ነው፤ ባሕሩ ሲመለስ ይሰምጣል። ስሙ እወድሃለሁ ማለት ነው። ጥላ የለውም፤ ዣንጥላ ያዙ። ጆዛኒ ጫካ ያሉት ቀይ ጦጣዎች ከሰል ይበላሉ፤ የሚበሉት ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ያረክስላቸዋል። ኪዚምካዚ ዶልፊን ለማየት ሄጄ አዝኜ ተመለስኩ። አሥር ጀልባ አንድ መንጋ ያሳድዳል፤ ሰው እላያቸው ላይ ይዘላል። ያን ቀን ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከ5 1።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባን ሰው የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች፤ 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ መከራከር አያዋጣም። ፌስታል ደግሞ ክልክል ነው። ወንድሜ ማስኩን በፌስታል ጠቅልሎ ነበር፤ አየር ማረፊያው ላይ ማስኩ በእጁ፣ ፌስታሉ ቅርጫት ውስጥ ቀረ።

የመጨረሻውን ቀን አስቡት። ብዙ ቀን የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ከውሃ መራቅ አለበት። አውሮፕላን ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ሊሠራ ይችላል። የወንድሜ የእጅ ኮምፒውተር እንዲያውም 24 ሰዓት አለው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን እንደ እኔ ሆነ። የማይጠልቅ ሰው። ጠዋት ሻይ ይዞ ባሕሩን እያየ «ምን ልሥራ?» አለኝ። ስምንት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው።

ጃምቢያኒ የምትባል የባሕር ዳር መንደር ወሰድኩት። ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። እኔ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ሄጄ አስጎብኚ ይዤ ስለነበር መንገዱን አውቀዋለሁ። ሴቶቹ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ተቀምጠው፣ በእንጨት ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ሙዋኒ የሚሉትን የባሕር ተክል ያስራሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ማወፈሪያ ይወጣዋል። ፓጄ የምትባል መንደር ያሉ ሴቶች ሳሙና ይሠሩበታል፤ ለእናታችን ሦስት ገዝቻለሁ። ለወንድሜ ኮከብ ዓሣ አሳየሁት። ኩሬ ውስጥ የተሸሸገች ኦክቶፐስ አሳየሁት። 30 ሜትር የወረደ ሰው ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ላይ አጎንብሶ «እትዬ፣ እትዬ፣ ይህችን እያት!» ይላል።

«ጫማ አድርግ» ብዬው ነበር። የላስቲክ ጫማ ባሕር ዳር ላይ ይከራያል። «እኔ ባሕር አውቃለሁ» አለኝ። አንድ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ጥቁር የባሕር ጃርት ረገጠ። ጩኸቱን ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው ሰሙት። አንዷ እናት ሥራቸውን ትተው መጡ። ልጃቸውን ጥሬ ፓፓያ እንድታመጣ ላኳት፤ ቆረጡና ነጩን ወተቱን ተረከዙ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉለት። እሾሁን ያለሰልሳል አሉ። እሱ ጥርሱን ነክሶ አሸዋው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ እግሩን ይዣለሁ። ሴትዮዋ የእኔን ጫማ አዩ፣ የእሱን ባዶ እግር አዩ፣ በስዋሂሊ የሆነ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ሳቀች። ምን አሉ ብዬ በምልክት ጠየቅኋት። በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ዳዳውን ስማ ነው የሚሉት» አለችኝ።