የአሮጌ ኦርጋን ወናፍ ለማደስ፦ የጎማ ጨርቅ፣ ቆዳ ወይስ ሰው ሠራሽ?

ፔዳል እየተረገጠ የሚጫወት አሮጌ ኦርጋን ድምፁ ሲደክም ብዙ ሰው ጥፋቱን አየር ሲያልፍባቸው እየተንቀጠቀጡ ድምፅ የሚሰጡት የናስ ምላሶች ላይ ይደፈድፋል። ምላሶቹ ግን መቶ ዓመት አልፏቸውም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። ቀድሞ የሚያረጀው ወናፉ ነው። ለእድሳቱ ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ ደግሞ ሻጩ ሁሉ የራሱን ያመሰግናል። የጎማ ጨርቅ አለ፣ ቆዳ አለ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ አለ። «ወናፉን ተዉት፣ ሞተር ግጠሙለት» የሚልም አይጠፋም። እስቲ ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ገፊ ነው ሳቢ?

ምርጫው የሚጀምረው ከኦርጋኑ ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ገፊ ነው። ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ደባን እ.ኤ.አ. በ1842 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሃርሞኒየም ከዚህ ይመደባል። ወናፉ አየር አምቆ ወደ ምላሶቹ ይገፋል። ሌላው ወገን ሳቢ ነው። የብራትልቦሮው ኤስቴይና የቦስተኑ ሜሰን ኤንድ ሃምሊን የሠሯቸው የአሜሪካ ኦርጋኖች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። ወናፉ ከውስጥ አየር ይስባል፤ የውጭው አየር ምላሶቹን እያንቀጠቀጠ ይገባል። ኤስቴይ ብቻውን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኦርጋን ስለሠራ፣ ለሽያጭ የሚቀርበው አሮጌ ኦርጋን ሳቢ ሆኖ ቢገኝ አይገርምም።

መለየቱ ቀላል ነው። የኋላውን ሳንቃ ፍቱና አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥላችሁ። ትልቁ ወናፍ፣ ማለትም ማጠራቀሚያው፣ ሲረገጥ ካበጠ ገፊ ነው። ወደ ውስጥ ከሟሸሸ ሳቢ ነው። በሳቢው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጠንካራ ሞላዎች አሉ፤ ወናፉን ወደ ውጭ ይወጥሩታል። ከፔዳሎቹ ጋር የታሰሩት ሁለት ትንንሽ ወናፎች ደግሞ እየተፈራረቁ አየሩን ያወጡለታል።

ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት

ስቶፖቹን፣ ማለትም ከቁልፎቹ በላይ ያሉትን የድምፅ መምረጫ መጎተቻዎች፣ በሙሉ ዝጉ። ጥቂት ጊዜ ርገጡና እግራችሁን አንሱ። በሳቢ ኦርጋን ማጠራቀሚያው ቀስ እያለ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። በደንብ የታደሰ ወናፍ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይይዛል። በሁለት ሦስት ሴኮንድ ውስጥ ዘፍ ብሎ ከተከፈተ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ።

ይህ ማለት ግን ጨርቁ ነው ማለት አይደለም። ፔዳሉ ባዶውን ወርዶ አልመለስም ካለ መጀመሪያ ማሰሪያ ጥብጣቡን እዩ። እሱ ከተበጠሰ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከላይ ያለው ሳንቃ ተሰንጥቆ፣ ወይም ከቁልፎቹ ሥር ያሉት የቀዳዳ ክዳኖች ቆዳቸው ደርቆም ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ይህ ነው። የወናፉን ክፍል በብሎኖቹ ፍቱና ለብቻው አውጡት። የአየር መግቢያውን ለስላሳ ጎማ በተለበጠ ሳንቃ ግጥም አድርጋችሁ ድፈኑት። ከዚያ በእጅ ሳቡት። ለብቻው ሲሆን አየር ከያዘ ችግሩ ከላይ ነው። ጨርቅ አትግዙ።

የጎማ ጨርቅ

ለሳቢ ኦርጋን የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ብዙም አላመነታም። ኦርጋኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡም የለበሱት እሱን ነው። ሁለት የጥጥ ጨርቅ፣ በመካከላቸው ስስ ጎማ። ይታጠፋል፣ አየር አያሳልፍም፣ ሙጫ ይይዝለታል።

አሮጌው ጨርቅ መሞት አለመሞቱን ለማወቅ ግን ዓይን አይበቃም። ጥጡ ሳይቀደድ ጎማው ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። እጥፋቱ ላይ ያዙትና ቀስ ብላችሁ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እጠፉት። ጠጣር ሆኖ ቋ ካለ፣ ከተላጠው ጠርዝም ጥቁር ዱቄት ከረገፈ አልቆለታል። ክፍሉን አጨልማችሁ በአየር መግቢያው በኩል የእጅ ባትሪ አስገቡ። በመጀመሪያ ብርሃን የሚታየው ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ነጥቦች ተደርድረው ታያላችሁ። ሌላው ቦታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታጠፍ ማዕዘኑ በሁለት አቅጣጫ ስለሚታጠፍ ቀድሞ ይሞታል።

ስትገዙ ውፍረቱን ጠይቁ። ለወናፍ የሚሆነው ከግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ እስከ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ያለው ነው። አውቶማቲክ ፒያኖ ውስጥ ላሉት ትንንሽ ወናፎች የሚሸጥ ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ስስ ጨርቅ አለ። ዋጋው ያጓጓል፤ ትልቅ ወናፍ ላይ ግን ይነፋፋል፣ ቶሎም ይቀደዳል። በጣም ወፍራሙም አይሆንም። አልታጠፍ ይልና ፔዳሉን ያከብደዋል። ሌላው መታየት ያለበት ገጹ ነው። ጎማው በአንድ ወገን የተጋለጠ ጨርቅ ካጋጠማችሁ፣ የእንስሳት ሙጫ ጎማ ላይ እንደማይይዝ አስታውሱ። ሙጫው የሚነካው የጥጡን ገጽ መሆን አለበት። አዲሱን ጨርቅ ለመፈተን ከንፈር ላይ አድርጋችሁ አየር ለመሳብ ሞክሩ። ትንሽም ቢያሳልፍ ለሻጩ መልሱለት።

ቆዳ

ቆዳ ጠንካራ ነው፤ ማዕዘን ላይ ከጨርቅ ይበልጣል። በደንብ የለፋ የበግ ቆዳ ዕድሜውም ረጅም ነው። ታዲያ ለምን ሙሉ ወናፍ በቆዳ አይለበስም? አንዱ ቆዳ ራሱ ከቦታ ቦታ ውፍረቱ ይለያያል። ጀርባው ወፍራም፣ ሆዱ ስስና የሚለጠጥ ነው። ለረጅም ቁራጭ ደግሞ መቀጣጠል ሊያስፈልግ ይችላል። መጋጠሚያው ላይ ጠርዙ በስለት ካልሳሳ ጉብ ይልና እጥፋቱን ያበላሻል። ዋጋው ሲጨመርበት ለሳቢ ኦርጋን አያዋጣም።

ገፊ ሃርሞኒየም ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ማዕዘናቸውና ማጠፊያቸው ቆዳ ነው። እዚያ ላይ የነበረውን መመለስ ይሻላል። በተለይ ተጫዋቹ ማጠራቀሚያውን የሚያልፈውን ስቶፕ ሲያወጣ አየሩ ከእግሩ በቀጥታ ወደ ምላሶቹ ይሄዳል። ያኔ ትንሿ ሽንቁር እንኳ በድምፁ ላይ ትሰማለች። በሁለቱም ዓይነት ግን የወናፉን የቫልቭ ክዳኖች፣ አየሩን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን፣ በቆዳ ሥሩ። ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ቀዳዳው ላይ ልጥፍ ይላል።

ሰው ሠራሽ

ለሶፋ የሚሆን ሰው ሠራሽ ቆዳ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፣ አየርም አያሳልፍም። ግን አልመክረውም። የሚያለሰልሰው ነገር ከጊዜ ጋር ሲወጣ ፕላስቲኩ ይደርቅና እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። የእንስሳት ሙጫም በፕላስቲኩ ገጽ ላይ አይይዝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዳንድ የቧንቧ ኦርጋን ሠሪዎች ፐርፍሌክስ የሚባል ሰው ሠራሽ ነገር በቆዳ ምትክ ተጠቅመው ነበር። ቆዳ አሥርት ዓመታት በሚያገለግልበት ቦታ እሱ በጥቂት ዓመታት ተበላሸ። ለወናፍ ተብሎ የተሠራ ዘመናዊ ጨርቅ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱንም ቢሆን በሌሎች ኦርጋኖች ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ ሳትጠይቁ አትግዙ።

ሙጫውስ?

ብዙ ሰው ለጨርቁ ተጨንቆ ሙጫው ላይ ይዘናጋል። ክርክሩ በእንስሳት ሙጫና በነጩ የእንጨት ኮላ መካከል ነው። ነጩ ኮላ ምቹ ነው፤ ከጠርሙሱ አውጥቶ መቀባት ብቻ። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ጊዜ ወናፉ ሲፈታ ነው። እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ አዲስ ሙጫ አያስይዝም፤ ካልተላገ በቀር አይለቅም።

የእንስሳት ሙጫ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ቶሎ ስለሚረጋ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል። ቢሆንም ጠርዙ ያልያዘ ቦታ ካለ በእርጥብ ጨርቅና በሞቀ ካውያ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። አሮጌውም በእንፋሎት ይለቃል። ኦርጋኑን ከእናንተ በኋላ የሚያድሰው ሰው ያመሰግናችኋል። ሲሊኮን ግን በፍጹም። ከሱ በኋላ ምንም ነገር አይጣበቅም።

መጣፍ ወይስ ማልበስ?

ጨርቁ ገና ለስላሳ ሆኖ ሚስማር ወይም አይጥ ቀዶት ከሆነ ጣፉት፤ ያዋጣል። ጎማው ከደረቀ ግን ዛሬ አንዱን እጥፋት ስትጥፉ ነገ ጎረቤቱ ይከፈታል። በፕላስተር መለጠፍማ ማጣበቂያው ቀልጦ እንጨቱን ከማበላሸት በቀር ትርፍ የለውም።

ሙሉውን ስታለብሱ አሮጌውን ጨርቅ ሳትቀዱ አውጡት። ልኩ እሱ ነው። የፔዳል ወናፎቹ ጨርቅ ሲዘረጋ መሐሉ ሰፊ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ጠባብ ነው። በውስጡ የተለጠፉትን የካርቶን ቁራጮች ቦታም ምልክት አድርጉ። ወናፉ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማጠራቀሚያው ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ሳንቃዎቹን በሞርሳ ያዙ። እነዚያ ሞላዎች ከተፈናጠሩ ቀልድ የላቸውም።

ሞተርና የታደሰ ኦርጋን

ሞተር የወናፍ ምትክ አይደለም። የሚያፈስ ወናፍ ላይ ከተገጠመ ሽንቁሩን በጩኸት ይሸፍናል እንጂ አይደፍንም። የቤት አቧራ መጥረጊያ ሞተር ደግሞ ኦርጋኑ ከሚፈልገው በብዙ እጥፍ ይስባል። እግሩን የሚያመው ተጫዋች፣ ወናፉ ከታደሰ በኋላ፣ ለኦርጋን የተሠራ ዝግተኛ ሞተር ቢገጥም ግን አልቃወምም።

የጥንት ኦርጋን እድሳት ወጪው ከራሱ ከኦርጋኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የታደሰውን ከፍ ባለ ዋጋ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጨርቁ መቼ ተለወጠ፣ ሁሉም ወናፎች ናቸው ወይስ ማጠራቀሚያው ብቻ፣ ሙጫውስ ምንድነው? ከዚያ የኋላውን ሳንቃ ያስፈታችሁ። አላስፈታም ካለ ዋጋውን ወናፉ እንዳልታደሰ አድርጋችሁ ተነጋገሩ።