ጳጉሜንን በአምስት ወር የበተነው ሺት

የቤታችንን ወጪ በስፕሬድሺት፣ ማለትም በዓምድና በመስመር ተከፍሎ ራሱ በሚያሰላ ሠንጠረዥ፣ መያዝ ከጀመርን ዓመት አለፈን። ያየኝ ሁሉ "እንዴት ነው፣ ይሠራል?" ይለኛል። ይሠራል። መደመር ያውቃል፣ መቀነስ ያውቃል፣ ስልኬ ቢጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም። ምስጋናዬ ይሄው ነው። አሁን ስለ ጳጉሜን ላውራ።

የአፑን ስም አልጠራም። ነጻ ነው፣ ስልክ ላይ ይጫናል፣ ብዙዎቻችሁ አላችሁ። ስሙ ቢጠራም ለውጥ የለውም፤ በዚህ ጉዳይ እኔ የሞከርኳቸው ሁሉ ያው ናቸው።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ቤታችን ደሴ። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ገንዘቡ ሁለታችንም እጅ ላይ ስለሆነ ማታ ማታ ቤታችን ችሎት ነበር። "ዘይቱን ማን ገዛ? ሲሊንደሩንስ ማን አስሞላ? የመብራት ካርዱ መቼ ነው የተሞላው?" አሁን እሱ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት እያስመዘንኩ አያለሁ። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

የጀመርነው በጳጉሜን 2016 ነው። አዲሱን ዓመት ተዘጋጅተን እንቀበለው ብለን፣ ከኢንተርኔት የተዘጋጀ የቤት ባጀት ሺት አወረድን። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚለውን አጥፍቼ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ጻፍኩበት። ከመጨረሻው ጎን አንድ ዓምድ ጨምሬ ጳጉሜን አልኩት። አምሮ ነበር።

ከዚያ ወጪው መጣ። የአውደ ዓመት ወጪ መቼም ታውቁታላችሁ። በግ፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ ላዩ ላይ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። ባለቤቴ ሁሉንም ሳይሰለች መዘገበ። ጳጉሜን 3ን 3/13/2016 ብሎ ጻፈ። ሌላ ምን ብሎ ይጻፍ? 13ኛ ወር ነው።

በአውደ ዓመት ማግስት ማጠቃለያውን ከፈትኩ። ጳጉሜን ባዶ። አንድ ሳንቲም የለበትም። ብሩስ? ወደ ግራ ሄጄ አየሁ። በጉ ኅዳር ላይ አለ። ቅቤው ጥቅምት ላይ። የልጆቹ ደብተር ጥር ላይ። ገና ባልደረሰ ኅዳር በግ አርደን በልተናል ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። አፑ ሲጫን የአሜሪካኖችን አጻጻፍ ይዞ ነው የመጣው። እነሱ ወር ያስቀድማሉ፣ ቀን ያስከትላሉ። ስለዚህ 1/13 ሲያይ የ1ኛው ወር 13ኛ ቀን አለ፣ 2/13 ሲያይ የ2ኛው ወር 13ኛ ቀን አለ፣ እንዲህ እያለ እስከ 5 ቀጠለ። አምስቱን የጳጉሜን ቀናት በአምስት ወር ላይ አደላቸው። አላስጠነቀቀም፣ አልጠየቀም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አላውቀውም ቢል ምን ነበረበት? የማያውቀውን ወር እንደሚያውቅ ሆኖ አለፈ።

የሰፈራችን ልጅ፣ ኮምፒውተር የሚነካካ ነው፣ "አብሽሪ እትዬ፣ ሴቲንግ ነው" ብሎ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ቀየረልኝ። እንግሊዞች እንደኛ ቀን ያስቀድማሉ። መስከረም በሰላም አለፈ። ልጁን ቡና አጠጣሁት።

ከዚያ ጥቅምት መጣ።

የጥቅምት ማጠቃለያ ሲወጣ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ወደ ማድ ቤት መጣ። "አየሽ? መቆጠብ ይቻላል" አለኝ። እውነትም ጥቅምት ከመስከረም በግማሽ አንሶ ነበር። ሰውዬው ሶፋ ስለ መቀየር ማውራት ጀመረ። እኔ ግን የቤት ኪራይ የከፈልኩበት፣ የትምህርት ቤት የከፈልኩበት፣ የቅሬ (የእድር) መዋጮ የሰጠሁበት ወር በግማሽ ሊቀንስ እንደማይችል አውቃለሁ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ታች ሳብኩት። መጨረሻ ላይ ያሉት መስመሮች ሌላ ናቸው። የሌሎቹ ቀናት በሙሉ የሳጥኑን ቀኝ ጠርዝ ይዘው ተደርድረዋል። 29/2/2017 እና 30/2/2017 ግን ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፈዋል፣ ከሰልፍ የወጣ ተማሪ ይመስል።

ቁጥር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ይሄን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለእንግሊዞቹ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው። በፈረንጅ 2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው፣ 30 ቀን ደግሞ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ጥቅምት 29ን እና 30ን "እነዚህ ቀን አይደሉም" ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ተዋቸው። ቀን ያልሆነ ነገር ደግሞ ማጠቃለያ ውስጥ አይገባም። ሌሎቹ ወሮች ሁሉ ተርፈዋል፣ ምክንያቱም ከፌብሩዋሪ በቀር የፈረንጅ ወር ሁሉ ቢያንስ 30 ቀን አለው። እንግዲህ አስቡት፣ ከወር ሁሉ የሚጠፉት ደሞዝ የሚገባባቸውና ኪራይ የሚወጣባቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ጳጉሜንም በእንግሊዝኛው አሠራር አልዳነችም። 13ኛ ወር ስለሌላቸው አሁን ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ ሆና ቀረች።

አንድ የኮምፒውተር አሰልጣኝ ፊቴ ቆሞ ይታየኛል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። "ቀላል ነው እህቴ፣ በፈረንጅ ቀን ጻፊው" ይለኛል። እሺ። አከራያችንን ምን ልበላቸው? "እማማ፣ ኪራዩን ኦክቶበር 31 ላይ ላምጣልዎት?" እሳቸው የሚያውቁት በኛ ወር መጨረሻ ነው። ቅሬው በኛ ወር ነው፣ እቁቡም በኛ፣ ትምህርት ቤቱም በኛ። በፈረንጅ የሚመጣው የባንክና የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። የቤቴን ኑሮ በሙሉ ለሁለት አጭር መልእክት ብዬ ልገልብጠው?

አሰልጣኙ አይሸነፍም። "የናንተ ካሌንደር ውስብስብ ስለሆነ ነው" ይላል። የናንተ ይለኛል ደግሞ፣ እዚሁ ወሎ የወረባቦ ልጅ ሆኖ! ኧረ ተው። የኛ 12 ወር እኩል 30 ቀን ነው። የሚተርፈው 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። አለቀ። የነሱ 31፣ 28፣ 31፣ 30 እያለ፣ ፌብሩዋሪ ሲያሻው 29 እየሆነ የሚሄድ ነው። ከጥር 12 እስከ ሚያዝያ 12 ስንት ቀን ነው ብትሉት ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጄ 90 ይላችኋል። በፈረንጅ ወር ጠይቁትና የጣቱን አንጓ ሲቆጥር ታገኙታላችሁ። ለማሽን የሚቀለው የትኛው ነው?

ይባስ ብሎ ከዚህ ቤተሰብ ስመ ጥር የሆነው ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ ነው። በዚያ አቆጣጠር ውስጥ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን አለ። እንዲህ ያለ ቀን በዛሬው የፈረንጅ ካሌንደር ኖሮ አያውቅም፣ 1900 በፈረንጅ 366 ቀን ያለው ዓመት አልነበረም። ከእሱ በፊት የነበረው ሎተስ 1-2-3 የሚባለው ስፕሬድሺት ያንን ቀን ስለቆጠረ፣ ኤክሴልም ከእሱ ፋይሎች ጋር ለመግባባት ብሎ እንዳለ ወሰደው፣ እስከ ዛሬም አለ። ያልነበረ ቀን ተከብሮ ይኖራል። ኪራይ የከፈልኩበት ጥቅምት 29 "ቀን አይደለም" ይባላል። ይሄን ለአሰልጣኙ ስነግረው ዝም አለ። ዝም ያሰኘሁት በሐሳቤ ነው፣ ግን ዝም ብሏል።

መላው ምን ሆነ? ቀኑን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ሦስቱም ተራ ቁጥር ናቸው። ማሽኑ ቀን መሆናቸውን አያውቅም፣ ካላወቀ ደግሞ አያበላሽም። ለመደርደሪያ አንድ የተደበቀ ዓምድ አለኝ። ዓመቱን በ10,000፣ ወሩን በ100 አባዝቶ ቀኑን ይደምርበታል። ጥቅምት 29 ቀን 2017 እንግዲህ 20170229 ሆኖ በቦታው ይቀመጣል።

ከባንክ መልእክት ጋር ለማመሳከር ደግሞ ሌላ ቀመር አለ። ዓመታችን ላይ 7 ደምሮ የዚያን ዓመት ሴፕቴምበር 11 ይይዛል። ዓመታችን ለ4 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ እንደ 2016 ማለት ነው፣ 11ዱን 12 ያደርገዋል። ከዚያ ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 ያባዛል፣ ከቀኑም 1 ቀንሶ ሁሉንም ይደምራል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2017ን ስሰጠው ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 አለኝ። ገና! ከ2092 ዓ.ም. በኋላ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም በፈረንጅ 2100 ፌብሩዋሪ 29 የለውም። ያኔ የልጅ ልጆቼ ያስተካክሉት።

ሠርቶልኛል፣ ግን ይሄን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስፕሬድሺት በግል ኮምፒውተር ላይ ከመጣ፣ ቪዚካልክ የሚባለው በፈረንጅ ከወጣበት ከ1979 ጀምሮ ብንቆጥር፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ የሚቆጠቁጠው ሰው መሃል ላይ 13ኛ ወር ሊጨምርበት አይችልም ነበር?

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉ። የቅሬያችንን አባላት ስልክ ልመዘግብ ብዬ በ09 የሚጀምረውን ሁሉ ዜሮውን በላው፤ ሳጥኑን አስቀድሞ "ጽሑፍ" ብሎ ማዘዝ ይፈልጋል። ወሮቹን በስም ጽፎ ደርድር ማለትም አይሞከርም። በፊደል ተራ ስለሚደረድር ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ይመጣል። እኔ "ሥጋ" ብዬ ስጽፍ ባለቤቴ "ስጋ" ይላል፣ ሺቱ ሁለት የተለያዩ ወጪዎች አድርጎ ይይዛቸዋል። ይሄንን ግን በሺቱ አልፈርድም፣ በትምህርት ቤትም አስተማሪዎቻችን አልተስማሙበትም።

አማቴ በደብተር ነው የሚይዙት። ጳጉሜን የራሷ ገጽ አላት፣ "ጳጉሜን 3፣ በግ" ተብሎ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። የኔን ስልክ አየት አድርገው "ይሄ እንግዲህ ምን ይጨምራል?" አሉኝ። መልስ ነበረኝ። የዓመቱን ቡና አሳየኋቸው። ወሎ ውስጥ ቡና ማንም አይቆጥረውም፣ በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። የዓመቱ ድምር ከመብራትና ከውሃ ተደምሮ በልጦ ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አዩት። "ወላሂ ተሳስቷል" አሉ። አልተሳሳተም። ቡናው አሁንም በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ቢያንስ ግን እያወቅን ነው የምናፈላው።

ግዙት አልላችሁም፣ ነጻ ነው። ተጠቀሙት ወይ ካላችሁኝ ዛሬ አዎ እላለሁ፣ ምክንያቱም ያለፈው ወር ሒሳብ እስከ ሳንቲሙ ገጥሞልኛል። በዚያ ጥቅምት ብትጠይቁኝ ኖሮ ስልኩን ቦርከና ወንዝ ውስጥ እወረውረው ነበር። ከኢንተርኔት የተዘጋጀ አታውርዱ ብቻ። ባዶውን ክፈቱ፣ ሦስቱን ዓምድ ሥሩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

የቀረኝ ባለቤቴ ነው። እጁ ለምዶበት አሁንም ቀኑን በአንድ ሳጥን ውስጥ በእዝባር ሊጽፍ ይሞክራል። ስለዚህ የወሩን ዓምድ ቆለፍኩት። ከ1 እስከ 13 ካለው ዝርዝር ካልመረጠ አይቀበለውም፣ ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል። የማስጠንቀቂያውን ቃል ራስህ ጻፍ የሚል ቦታ አለ፣ እኔም ጽፌበታለሁ፦ "አትቸኩል። ሶፋ የለም። ከዝርዝሩ ምረጥ።"