ከዚራ ወይስ ሳቢያን? ድሬዳዋ ቤት ለመግዛት ላሰበ

ባለፈው ግንቦት አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ቤት ሊገዛ ድሬ መጣ። ጠዋት ሁለት ቤት አይቶ ተመለሰ። አንዱ ከዚራ፣ ሌላው ሳቢያን። ሁለቱንም ወዷቸዋል። «የቱን ልያዝ?» አለኝ። «በሰባት ሰዓት ተመልሰን እንያቸው» አልኩት። ጠዋት ጠዋት ድሬ ውስጥ ሁሉም ቤት ጥሩ ቤት ነው።

መጀመሪያ ሳቢያን ሄድን። አዲስ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ሴራሚኩ ያበራል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ተለብጧል። አንድም ዛፍ የለም። ፎቅ ስንወጣ የቆርቆሮው ሙቀት ኮርኒሱን አልፎ አናታችን ላይ ይተነፍሳል። ደላላው ቬንትሌተሩን ከፈተው። ትኩሱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አመላለሰው።

ከዚያ ከዚራ። መንገዱ ላይ ገና ከባጃጅ ሳንወርድ ለውጡ ታወቀን፤ ግራና ቀኝ ዛፉ ተገናኝቶ ጣሪያ ሠርቷል። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ቀለሙ የተላጠ፣ የእንጨት መዝጊያው የተጣመመ። መስኮቱ ደፍ ላይ ክንዴን ዘረጋሁት። የድንጋዩ ግድግዳ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ሞላ። አንድ ክንድ ሙሉ! ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለው። ቬንትሌተር የሚባል አልነበረም፤ ማንም ግን ወረቀት አንስቶ አላራገበም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ለመውጣት ተራራው ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከዚራ ያኔ በባቡሩ ዙሪያ በፕላን የተቆረጠ ሰፈር ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ አደባባይ፣ ዛፍ። ሠሪዎቹ ኤሲ ስላልነበራቸው ሙቀቱን በግድግዳና በጥላ ነው የተከላከሉት።

ዛፉን በተመለከተ ትንሽ ልበል። በክረምት መግቢያ ቀይ አበባ የሚያዘንበው ዛፍ በሌላ አገር ሌላ ስም አለው፤ በአማርኛ ግን ስሙ ራሱ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው። ከእሱ ጋር ኒሙ አለ። ደስ ይላል፣ ግን ዕዳም አለው። የድሬዳዋ ዛፍ ሥሩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ አጥር ያነሳል፣ ሊሾ ይሰነጥቃል። ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል። ቅርንጫፉ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከመብራት ገመድ ጋር ይጣላል። ከዚራ የሚገዛ ሰው መጥረጊያ አብሮ ይግዛ።

ደላላው ይህን ሁሉ ስናወራ ሰለቸውና ወዳጄን «አቦ አንተ ደግሞ፣ ዛፍ ነው ወይስ ቤት የምትገዛው?» አለው። ወዳጄ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ «አንተ» ሲባል ክው አለ። ድሬ ነው፤ ይለመዳል።

ውሃው ላይ ሁለቱም ሰፈር አንድ ነው። የድሬ ውሃ የከርሰ ምድር ነው፣ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያህ ጥቂት ወር ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ይሆናል። ልዩነቱ ቧንቧው ላይ ነው። እኔ ከዚራ ተከራይቼ በነበረበት ቤት ውሃው ሲቀጥን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። የቆረጠውን ብረት አሳየኝ፤ ኖራው ጋግሮበት ቀዳዳው እስክሪብቶ አያስገባም። ስለዚህ አሮጌ ቤት ስታይ ቧንቧው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቅ፣ ካልተቀየረ ከዋጋው ላይ ቀንስ። ሮቶና በርሜል የትም ያስፈልግሃል፤ ክዳኑን ግን አትርሳ። በ2011 ዓ.ም. ከተማውን በቺኩንጉንያ በሽታ ያንከላወሰችው ትንኝ የምትራባው እንዲህ ባለ የተጠራቀመ ውሃ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወረቀት።

ከዚራ ውስጥ ዓይንህ ያረፈበት ቤት ሁሉ የሚሸጥ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። እዚህ ሰፈር የቀበሌም፣ የኪራይ ቤቶችም፣ የምድር ባቡርም ቤት አለ። «ቁልፉን ልሽጥልህ» የሚልህ ሰው የራሱ ያልሆነውን ነው የሚሸጥልህ፤ ሻይህን ጠጥተህ ተነስ። የግል ከሆነ ካርታውን በስሙ ማየት ብቻ አይበቃም። ቤቱ ሁለት ትውልድ ያለፈው ነውና ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ የት ናቸው ብለህ ጠይቅ። አንዷ እዚሁ፣ አንዱ ጅቡቲ፣ አንዱ ፈረንሳይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሳይፈርም ከከፈልክ የገዛኸው ክርክር ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ በረንዳውን አፍርሼ ሱቅ አወጣለሁ ማለት አይቻልም።

ሳቢያን በዚህ በኩል ያሳርፋል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ራሱ የሠራው ሰው ነው፣ የእሱ ፊርማ፣ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ተጨምሮ፣ ይበቃል። ቦታው ሊዝ ከሆነ ቀሪው ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የመሸጫ ገደቡ ማለፉን እይ። የባንክ ዕዳና እገዳ መኖሩን ሁለቱም ጋ አጣራ።

ጎርፍን ሳላነሳ ብቀር ድሬ ትታዘበኛለች። ከዚራንና ማዶ ያለውን መጋላ ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊመጣ ይችላል። በኋላ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም ወደ ወንዙ ዳር የተጠጋ ቤት ከሆነ የጎረቤት ሽማግሌ ጠይቅ፤ ያኔ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ግድግዳው ላይ በጣቱ ያሳይሃል።

ኑሮው? ከዚራ በእግርህ ነህ፣ ቀፊራ ገበያ ደቻቱን ተሻግረህ ነው፣ ከሳቢያን ግን ባጃጅ ትይዛለህ። መኪና ካለህና ልጆችህ ግቢ ውስጥ ብስክሌት እንዲነዱ ከፈለግህ ሳቢያን ይሻላል። በእኔ ሚዛን ግን ከሰዓት ቤት የሚውል ሰው፣ ጡረተኛም ሆነ ከቤት የሚሠራ፣ ለጥላው ሲል የወረቀቱን ጣጣ ቢታገሥ አይጎዳም።

ወዳጄ ከዚራውን መረጠ። ሦስተኛው ወራሽ ጅቡቲ ነው፣ ውክልና እስኪልክ እየጠበቀ ነው። እስከዚያ ሳቢያን ተከራይቷል። በሰባት ሰዓት ስደውልለት ግን ቤቱ አይገኝም፤ ከዚራ፣ ገና ባልገዛው ቤት ደጃፍ፣ ዛፉ ስር ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።