ከጃቫ ወደ ኤሊክሲር፦ ጣና ዳር የ14 ወራት ልምድ

በዐቢይ ጾም መካከል ነበር፤ የዓሣ ገበያ በሚሞቅበት ሰሞን። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ መረከቢያ፣ አንድ አዛውንት አስጋሪ የእኔ ፕሮግራም ያተመላቸውን የሒሳብ ወረቀትና ልጃቸው የሚጽፍላቸውን ደብተር ይዘው መጡ። ሁለቱ አልተገናኙም። ዋጋ የጨመረው ሰኞ ነው፤ ወረቀቱ ግን ባለፈው ሳምንት ያስረከቡትን ቆሮሶ የተባለ ዓሣ ጭምር በአዲሱ ዋጋ አስቦላቸዋል። ልዩነቱ ለእርሳቸው የሚያደላ ነበር፤ ሊወስዱት ግን አልፈለጉም። «ልጄ፣ ያኔ የሸጥኩት በያኔው ዋጋ ነው» አሉኝ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የቆሮሶ ዋጋ አንድ ኦብጀክት (ፕሮግራሙ በማስታወሻው የሚይዘው የዳታ ጥቅል) ነበር፤ እያንዳንዱ የሚዛን መዝገብ ወደዚያው ኦብጀክት ያመለክታል። ጸሐፊዋ ሰኞ ጠዋት ዋጋውን ስትቀይር ያለፉት መዝገቦች ሁሉ ሳይነኩ ተለወጡ። ስሕተቱን ለማረም አንድ ማታ በቃኝ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፦ በዚያ ኮድ ውስጥ ከአንድ በላይ ቦታ የሚነካ ስንት ኦብጀክት እንዳለ መቁጠር አልቻልኩም።

ኤሊክሲር ወደሚባል ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተሻገርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቋንቋውን የጀመረው ብራዚላዊው ጆዜ ቫሊም ነው፤ 1.0 የተባለው እትም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኤሪክሰን በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያዎች ባበጀው በኤርላንግ ቋንቋ መሠረት ላይ የቆመ ፈንክሽናል ቋንቋ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚገነባው በፈንክሽኖች ማለትም ዳታ ተቀብለው መልስ በሚመልሱ ትንንሽ ክፍሎች ነው። አሁን 14 ወር ሆነኝ። ወደ ጃቫ ልመለስ ብዬ አላሰብኩም፤ ለሁሉም ሰው ግን አልመክረውም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አንዴ የተፈጠረ ዳታ አይለወጥም። ስሙን ለአዲስ ዳታ መስጠት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን የያዘ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ግን የያዘው እንዳለ ይቆይለታል። የትናንቱ መዝገብ የትናንቱን ዋጋ በውስጡ ይዞ ይኖራል። የሒሳብ ስሕተት ሲመጣ ዛሬ የምጠይቀው «ይህ ፈንክሽን ምን ተቀበለ፣ ምን መለሰ?» ብቻ ነው። ድሮ «ይህን ማን፣ መቼ፣ ከየት ነካው?» እያልኩ ሌሊቱ ይነጋብኝ ነበር። ጃቫም ቢሆን የማይለወጥ ዳታ ለሚፈልግ መንገዱ አለው፤ ከ16ኛው እትም ጀምሮ «ሪከርድ» የሚባል አመቺ ነገር ጨምሯል። ልዩነቱ ጃቫ ምርጫውን ለእኔ መተዉ ነው፤ እኔም ስቸኩል አልመረጥኩትም። ኤሊክሲር ግን ዳታቤዙን አይጠብቅላችሁም። ሠንጠረዥ ላይ ያለ ዋጋ እንደ ወትሮው ይሰረዛል፣ ይደለዛል፤ ስለዚህ የዋጋ ለውጥን ሁሉ በየቀኑ አዲስ መስመር እያደረግሁ እመዘግባለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። የአንድ ታንኳን ዓሣ ለመደመር እጄ ዜሮ የያዘ ተለዋዋጭ (ቁጥሩ የሚቀያየር መያዣ) መፍጠርና በላዩ ላይ መጨመር ለምዷል። እዚህ ያ የለም፤ እስካሁን የተደመረውንና ቀጣዩን ሚዛን ለፈንክሽን ትሰጣላችሁ፣ አዲስ ድምር ይመልስላችኋል፣ እርሱን ደግሞ ለቀጣዩ ታቀብላላችሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በሁለተኛው ቀን «ወንድሜ፣ ታዲያ ድምሩ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። የትም አይቀመጥም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ይህ ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በደንብ የገባኝ ለእርሷ ሳስረዳ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የዘመን አቆጣጠሩን ሥራ ነው። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ የእኛን ራሴ ጻፍኩት። የወሩን ቀናት የሚሰጠው ፈንክሽን ሦስት መስመር ነው፦ ወሩ 13 ሆኖ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ 6፤ ወሩ 13 ብቻ ከሆነ 5፤ ሌላ ከሆነ 30። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ መጀመሪያ የገጠመው ይሠራል። ባልደረባዬ ሁለቱን የጳጉሜን መስመሮች ብታገላብጣቸው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለኮምፒውተር የሚተረጉመው ፕሮግራም) «ይህ መስመር መቼም አይደረስም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ፈተናውም ቀላል ነው፦ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን አላት፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ መዋል አለበት። ፈንክሽኑ የኮምፒውተሩን ሰዓት አይጠይቅም፣ ፋይል አይከፍትም፤ ዛሬም ከዓመት በኋላም ለዚያው ጥያቄ ያንኑ መልስ ይሰጣል።

አንድ ጠዋት ግን አሳፈረኝ። ኤሊክሲር ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ይሮጣል፤ አንዱ ሲወድቅ፣ ማለትም በስሕተት ሲቆም፣ ተቆጣጣሪ የሚባለው ክፍል እንደገና ያስነሣዋል፣ ሌላው ሥራ አይነካም። በዚህ ተማምኜ ለአስጋሪዎች መልእክት የሚልከውን ክፍል እንደፈለገ ይውደቅ ብዬ ተውኩት። ኔትወርክ ተቋረጠ። ላኪው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ተቆጣጣሪው ካልነገሩት በስተቀር በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ አያስነሣም፤ ከዚያ ራሱ ይወድቃል፣ ውድቀቱም ወደ በላዩ ይተላለፋል። በመጨረሻ ሚዛኑ ጭምር ቆመ፤ አስጋሪዎቹ ዓሣውን በቅርጫት እንደያዙ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። ኔትወርክ መቋረጥ እዚህ ያልተጠበቀ አደጋ አይደለም። አሁን ላኪው «አልተሳካም» የሚል መልስ ተቀብሎ ጥቂት ቆይቶ ይሞክራል እንጂ አይወድቅም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተቆጣጣሪ ምንም አይፈይድም፤ ባትሪ መግዛት ነበረብኝ።

ከጃቫ የሚናፍቀኝ የዳታውን ዓይነት (ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ) መቆጣጠሩ ነው። ክብደት በቁጥር ፈንታ እንደ ጽሑፍ ሲመጣ ጃቫ ገና ሳይሮጥ ይነግረኝ ነበር፤ እዚህ የምሰማው ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ከ1.17 እትም ጀምሮ ኮምፓይለሩ ራሱ ዓይነቶችን መመርመር ጀምሯል፤ ገና መንገድ ላይ ነው። ከግዕዝ ፊደል ጋር ችግር የለበትም፣ በባይት (ኮምፒውተር ዳታ በሚለካበት ትንሽ መለኪያ) ካልቆጠራችሁ። እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ የአስጋሪ ስም 20 ባይት ላይ ስቆርጥ ስድስት ፊደልና የሰባተኛው ስብርባሪ ታተመልኝ።

ሥራችሁ መዝገብ፣ ሒሳብና ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት ሰርቨር ከሆነ ሁለት ወር መድቡና ሞክሩት። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነና ነገ ለሌላ ሰው የምታስረክቡ ከሆነ ግን ቆም በሉ፤ ከማውቃቸው የባሕር ዳር ፕሮግራመሮች ኤሊክሲር የሚጽፍ ሌላ ሰው አላገኘሁም፣ የገባኝን ሁሉ ያወቅሁት እንግሊዝኛ በማንበብ ነው። ሚዛኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ትንሽ ፕሮግራም በጃቫ እንደተጻፈ ትቼዋለሁ። ቁጥር አንብቦ ያስተላልፋል፣ የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ለመንካት ምክንያት አላየሁም።