አሮጌ ጄት ስኪ ያላችሁ፣ ይሄን መካኒክ ሳታሳዩ ሞተር እንዳትቀይሩ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው የመጣሁት፣ ዝም ብዬ ባልፍ ህሊናዬ እሺ አይለኝም።

ጄት ስኪዬ (ውሃ ላይ የሚነዳው ሞተር) አሮጌ ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥለው ዓይነት፣ ሁለት ሲሊንደር ሁለት ካርቡራተር። ለመነሳት እያስቸገረኝ መጣ፣ ቢነሳም ጉልበት የለውም፣ ነዳጅ ስሰጠው ታፍኖ ይቀራል። መጀመሪያ ያየልኝ ሰው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለካና አንዱ ሲሊንደር 125 ሌላኛው 85 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳየው ሞተሩ አልቆለታል ሌላ ፈልግ ብሎኝ ሄደ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነገር ነው።

ይሄኛው ግን የሰው ልኬት ተቀብሎ አልጀመረም። ሞተሩን አሙቆ ሁለቱንም ካንዴላ ፈታ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኘ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን አየና የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዞ የግፊት መለኪያው ጌጅ መውጣት እስኪያቆም በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዞረው። መስጫውን ሳትይዝ ብትለካ አየር በደንብ ስለማይገባ ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል አለኝ። ለሱ ከቁጥሩ በላይ የሁለቱ ልዩነት ነው ዋናው፣ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቁ አንዱ ጋ ችግር አለ ማለት ነው። ደካማው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ሲደግመው ቁጥሩ ወጣ፣ ስለዚህ የሚያፈሰው ከቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ ክዳን ስር ካለው ማሸጊያ) ሳይሆን በፋሻው (ፒስተኑን በሚከበው ቀለበት) በኩል ነው። ከዛ የጭስ ማውጫውን ፈቶ የእጅ ባትሪ አበራና ና ራስህ እየው አለኝ፣ ፒስተኑ ላይ ከላይ እስከ ታች በጥፍር የተቧጨረ የመሰለ መስመር አለ።

ልቤን የገዛው ግን ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ፒስተን ቀይሮ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር፣ እሱ ግን ይሄን ምን አቃጠለው ብሎ ፍለጋ ገባ። ያረጀውን ግራጫ የቤንዚን ቱቦ ቆርጦ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲጨምቀው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ወጣ፣ በዚያ በኩል ካርቡራተር ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታክል ማጣሪያ በዛው ነገር ተደፍናለች። ቤንዚን ሲያንሰው ይግላል፣ ፒስተኑ ይለጠጥና ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ቱቦው ሳይቀየር አዲስ ፒስተን ቢገባ እሱም ይቃጠል ነበር!

ሲሊንደሮቹ ሪቦር ተደርገው (ውስጣቸው በማሽን ሰፍቶ) ግማሽ ሚሊ ከፍ ያለ ፒስተን ከነፋሻው ገባ፣ ቱቦው በሙሉ ተቀየረ፣ ካርቡራተሮቹ ታጠቡ፣ ሲገጥም ደግሞ ሞተሩን በአየር ነፍቶ ፓራኦሊዮው (የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ) አየር እንደማያሳልፍ አረጋገጠ። የተበላሸውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ አስረክቦኛል። ሪቦሩን ሌላ ጋ ስለሚያሰራ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀን ሲገፋ ግን ሳልጠይቀው ደውሎ ይነግረኝ ነበር።

ለሮዳጅ (አዲሱ ፒስተን እስኪለማመድ) የመጀመሪያው ታንክ ቤንዚን ላይ ዘይት ጨምረህ ሙሉ ጋዝ ይዘህ አትቆይ ብሎኝ እንዳለው አደረግኩ፣ ከዛ ስንለካ 138 እና 135። በቱቦ ውሃ ስታጥቡትም መጀመሪያ ሞተሩን አስነሱ ከዛ ውሃውን ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ውሃው ቀድሞ ይዘጋ፣ አለበለዚያ ውሃው በጭስ ማውጫው ሲሊንደር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስትደውሉለት የሁለቱንም ሲሊንደር ልኬት ይዛችሁ ደውሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።